የፒላቴስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስትከተሉ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ፒላቴስ የተባለውን፣ ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ አዋህዶ በተለይ ሆድና ጀርባን የሚያጠነክረውን መልመጃ ቤት ውስጥ ለመሥራት ምንጣፍና በሙሉ ቁመት የሚያዘረጋ ቦታ ይበቃል። ከባዱ ቪዲዮ መምረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት «ፒላቴስ» የስፖርቱ የወል መጠሪያ እንጂ የማንም የንግድ ምልክት እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ በአግባቡ ሠልጥኖ የሚያስተምረውም፣ የሆድ መልመጃ ደርድሮ ሙዚቃ የሚከፍተውም ቪዲዮውን በዚሁ ስም መጥራት ይችላል። ከታች ያሉት ችግሮች ብዙ ሰው «ሰውነቴ ለዚህ አይሆንም» ብሎ እንዲያቆም ያደርጋሉ። ከማቆማችሁ በፊት ቪዲዮውን መርምሩ።

አንገት ያማል፣ ሆድ ግን ምንም አይሰማውም

የስልቱ መሥራች ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ከዘረዘራቸው 34 የምንጣፍ መልመጃዎች የመጀመሪያው «ሀንድረድ» ነው። ብዙ ቪዲዮዎችም ያንኑ ቅደም ተከተል ይዘው በእሱ ይጀምራሉ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጭንቅላትና ትከሻን አንስቶ፣ እግርን ዘርግቶ፣ አምስት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ አምስት እየቆጠሩ ማስወጣት፤ እጅ በዚህ መሀል 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ለጀማሪ ከባድ ነው። ሆድ ሲደክም የጭንቅላቱ ክብደት አንገት ላይ ይወድቃል።

ጭንቅላታችሁን ምንጣፉ ላይ አሳርፉ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ እጃችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ። ይህ ሲቀላችሁ ለ20 ምት ያህል ጭንቅላት አንሱ፣ አሳርፉ፣ እንደገና አንሱ። ስታነሱ በአገጭና በደረት መካከል አንድ ብርቱካን የሚያህል ክፍተት ይኑር፤ ዓይን ወደ ጭን ይመልከት። አገጫችሁ ወደ ጣሪያ ከቀና ሥራውን የያዘው አንገት ነው ማለት ነው። በአንድ እጅ ማጅራትን ደግፎ መሥራትም ይቻላል።

ሌላው መንስኤ ስልኩ ነው። ስልክ ከጎን መሬት ላይ ሲቀመጥ ጭንቅላት ተነስቶ ሳለ አንገት ወደ ጎን ይዞራል፤ ይህ ከምንም በላይ አንገት ይጎዳል። ስልኩን ከእግራችሁ ባሻገር ወንበር ላይ አቁሙት። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ግን ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ሲሠሩ መስማት ብቻ ነው። በድምፅ ብቻ ልትከተሉት የማትችሉት ቪዲዮ፣ አስተማሪው እያሳየ እንጂ እያስተማረ ስላልሆነ፣ ለቤት አይሆንም።

እግር ወደ ታች ሲወርድ ወገብ ይነሳል፣ በማግስቱም ያማል

ጭንን ወደ ሆድ የሚስበው ትልቁ ጡንቻ የተያያዘው ከወገብ አከርካሪ ጋር ነው። የተዘረጋ እግር ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ይከብዳል፤ ሆድ መቋቋም ሲያቅተው ያ ጡንቻ ወገብን ከምንጣፉ ያነሳዋል። ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው እግሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ይዞ ሲታይ እናንተም እዚያው ለማድረስ ትሞክራላችሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የእጃችሁን መዳፍ ወገባችሁ ሥር አስገቡ። እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። እጃችሁ ላይ ያረፈው ክብደት መቅለል የጀመረበት ቦታ የዛሬ ወሰናችሁ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ወሰናችሁ ወደ ጣሪያ የቆመ እግር ከሆነም ምንም አይደለም፣ ጉልበት አጥፉ። ህመሙ ወደ መቀመጫና ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን መልመጃ ማቅለል አይፈታውም፤ አቁሙና ሐኪም ያያችሁ።

ከተኛችሁበት ቀና ማለት ያቅታል፣ እግር ይነሳል

«ሮል አፕ» ላይ የሚታይ ነው። የወገብ መድረቅና የሆድ አቅም ማነስ ተደምሮ መሀል ላይ ያስቆማል፤ ሰውም በፍጥነት ለመስፈንጠር ይሞክራል። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፉ። ነጠላ ወይም ረዘም ያለ ፎጣ በውስጥ እግራችሁ ላይ አዙሩና ጫፎቹን ያዙ፤ አየር እያስወጣችሁ እጅ በእጅ እየተሳባችሁ ተነሱ። ከዚህ የሚቀድመው ልምምድ ከተቀመጡበት ግማሽ መንገድ ብቻ ወደ ኋላ ወርዶ መመለስ ነው፤ 5 ወይም 6 ጊዜ ይበቃል።

የታፋ ኋላ ክፍል ይጨማደዳል፣ አንጓ ያማል፣ አከርካሪ ወለል ይመታል

ዳሌ በሚነሳበት መልመጃ ላይ የታፋ ኋላ የሚጨማደደው ተረከዝ ከመቀመጫ ሲርቅ ነው። ቀረብ አድርጉት፣ ከማንሳታችሁ በፊት መቀመጫችሁን ጨምቁ።

የእጅ አንጓ «ፕላንክ» ላይ (በእጅና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) ካመመ በክርን ሥሩት ወይም የመዳፍ ተረከዝ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ።

ሦስተኛው የምንጣፍ ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው የዮጋ ምንጣፍ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ እንደ ኳስ ለመንከባለል አይበቃም። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፈልጉ፣ ወይም ከቀጭኑ ሥር ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። ፍራሽ ላይ አትሥሩ፤ ሰውነት ስለሚሰምጥ ወገብ የት እንዳለ አይታወቅም።

«ለጀማሪ» ይላል፣ ግን መከተል አልተቻለም

ደረጃውን የሚጽፈው ቪዲዮውን የለቀቀው ሰው ስለሆነ በርዕሱ አትተማመኑ። ሳትሠሩ እያሳለፋችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል እዩት። ካሜራው ከጎን መሆን አለበት፤ ከፊት ሲቀረጽ የጀርባ ቅርጽ አይታይም። አስተማሪው ቀለል ያለውን አማራጭ ስም ሳይሆን አሠራሩን ያሳይ። ከ«ሀንድረድ» የእጅ ምት በቀር እያንዳንዱ መልመጃ ከ5 እስከ 10 ድግግሞሽ ቢሆን በቂ ነው፤ 40 እና 50 የሚያስቆጥር ከሆነ የፒላቴስን ጥንቃቄ ትቶታል። በመቀመጫ ሚዛን ጠብቆ እግርንና ደረትን አንድ ላይ የሚያስነሳው «ቲዘር» ወይም እግርን ከራስ በላይ የሚያሳልፈው «ሮል ኦቨር» ከገባበት ደግሞ የጀማሪ አይደለም። የት እንደሚሰማችሁ የሚናገር አስተማሪ ቁጥር ብቻ ከሚጠራው ይበልጣል። ባለ ተንሸራታች አልጋው «ሪፎርመር» ላይ የተቀረጸውን፣ መሣሪያው ከሌላችሁ ዝለሉት።

አንዳንዴ የሚያስቸግረው ቃላቱ ናቸው፤ አራቱን ከያዛችሁ አብዛኛው ይገባችኋል። «ቴብልቶፕ» በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ከዳሌ በላይ፣ እግር 90 ዲግሪ የታጠፈበት ነው። «ኒውትራል» ሲሉ ወገብ ሥር ትንሽ ክፍተት ያለበት ተፈጥሯዊ አተኛኘት፣ «ኢምፕሪንት» ሲሉ ዳሌን በትንሹ አዘንብሎ ያንን ክፍተት መዝጋት ነው። «ሲ ከርቭ» ጀርባን ከጭራ አጥንት እስከ አንገት ማጉበጥ ነው።

ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ይቋረጣል

የቪዲዮውን የምስል ጥራት ወደ 480p ዝቅ አድርጉ፤ የጀርባን አቀማመጥ ለማየት ይበቃል። መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ጥቅል ርካሽ በሆነበት ሰዓት አውርዱ። ሦስት ጥሩ ቪዲዮ ለሁለት ወር ይበቃል፤ በየቀኑ አዲስ መፈለግ ዳታም ይጨርሳል፣ እድገታችሁንም ያስጠፋባችኋል።

አንድ ወር ሠራሁ፣ ቦርጭ አልጠፋም

«በ10 ቀን ጠፍጣፋ ሆድ» የሚል ርዕስ የማይፈጸም ተስፋ ነው። የሆድ መልመጃ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። የምንጣፍ ፒላቴስ ከፈጣን የእግር ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የልብ ምትን ብዙ አይጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ፒላቴስ ለሁለተኛው ይሆናል፤ 20 ደቂቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን በእግር ጉዞ ሙሉት። የፒላቴስን ውጤት ደግሞ በሚዛን አትለኩት፦ የ«ሀንድረድ»ን ስንት ምት ጭንቅላት አንስታችሁ ሠራችሁ? እግራችሁ ወገብ ሳይነሳ ምን ያህል ወረደ?

አጠቃላይ ቪዲዮ የማይመረጥበት ሁኔታ

የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ጀርባ የሚያጎብጡና የሚያንከባልሉ መልመጃዎችን ይተው፤ የሳሳ አከርካሪ በዚያ ጫና ሊሰበር ይችላል። የዲስክ መንሸራተት ያለበትም ጀርባ ማጉበጥ ሊያባብስበት ይችላል። ደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ትንፋሽ አይያዝ፣ ራስን ከዳሌ በታች የሚያደርገውን አይሥራ። ነፍሰ ጡር ከሦስተኛው ወር በኋላ ረጅም ጊዜ በጀርባ አትተኛ፤ ማሕፀን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ ለእርግዝና ተብሎ የተሠራ ቪዲዮ ትፈልግ። የወለደች እናት ደግሞ ሐኪም ከፈቀደላት በኋላ፣ ጭንቅላቷን ስታነሳ የሆዷን መሀል ትመልከት፦ እንደ ሸንተረር ወደ ላይ ከወጣ ጡንቻዎቹ ገና አልተገናኙም፤ ጭንቅላት የሚያስነሱትን ሁሉ አቆይታ በትንፋሽ፣ ተረከዝ በማንሸራተትና ዳሌ በማንሳት ትጀምር።