የእንግሊዝኛዋ ’ስ የት ትቀመጥ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የትልቁ ልጅ ቤት» ስንል «የ» የተጣበቀችው «ትልቁ» ላይ ነው፤ ቤቱ ግን የልጁ ነው። ማንም አይሳሳትም። «የ» በሐረጉ የፊት በር ቆማ ሙሉውን ሐረግ እንደምትይዝ ጆሯችን ያውቃል። የእንግሊዝኛዋ የባለቤትነት ምልክት ’ስ (’s) ሥራዋም ይኸው ነው፤ እሷ የምትቆመው በኋላ በር ነው እንጂ። ይህችን የኋላ በር ስንዘነጋ ነው የምንሳሳተው።

’ስን ባለቤቱ ላይ መለጠፍ። «የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ» ለማለት «ዘ ኪንግ’ስ ኦፍ ኢንግላንድ ክራውን» የሚጽፉ አሉ። ዘውዱ የንጉሡ ስለሆነ ምልክቱም እሱው ላይ መሆን ያለበት ይመስላል። ትክክሉ «ዘ ኪንግ ኦፍ ኢንግላንድ’ስ ክራውን» ነው። የሚገርመው፣ በ14ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ራሳቸው ምልክቱን ንጉሡ ላይ ያደርጉ ነበር፤ «ኦፍ ኢንግላንድ»ን ግን ከዘውዱ ኋላ ነበር የሚያመጡት። «የሌላ ሰው» ለማለት «ሰምዋን’ስ ኤልስ» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ «ሰምዋን ኤልስ’ስ» ይበሉ።

ብዛትንና ባለቤትነትን ማደባለቅ። እኔን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረችኝ አማት ናት፤ ቃሏን ማለቴ ነው። «ማዘር-ኢን-ሎው» ሁለት ሲሆኑ የብዛቷ ኤስ መሐል ትገባለች፦ «ማዘርስ-ኢን-ሎው»። የአማት ቤት ሲሆን ግን ጫፍ ላይ ትመጣለች፦ «ማዘር-ኢን-ሎው’ስ ሀውስ»። የብዛቷ ስሙን ትከተላለች፣ የባለቤትነቷ ሐረጉን። የሁለት አማቶች ቤት «ማዘርስ-ኢን-ሎው’ስ ሀውስ» ቢባል ትክክል ነው፤ ለዓይን ግን አይመችም፣ በ«ኦፍ» ቢያዞሩት ይሻላል።

«ኤንድ» ሲኖር። አበበና ሣራ አንድ መኪና በጋራ ካላቸው «አበበ ኤንድ ሣራ’ስ ካር»፤ ለየራሳቸው ካላቸው «አበበ’ስ ኤንድ ሣራ’ስ ካርስ»። «የሚስቴና የእኔ ቤት» ለማለት «ማይ ዋይፍ ኤንድ አይ’ስ ሀውስ» ግን በጽሑፍ አያስኬድም። «ማይ ዋይፍ’ስ ኤንድ ማይ ሀውስ» ማለት ይቻላል፤ እኔ ብሆን «አወር ሀውስ» ብዬ አልፋለሁ።

ሐረጉን ማንዛዛት። «ትናንት ያገኘሁት ሰው ልጅ» ለማለት «ዘ ማን አይ ሜት የስተርዴይ’ስ ሰን» በንግግር ይሰማል፣ ሕግም አልጣሰም። ወረቀት ላይ ሲያዩት ግን ’ስ «የስተርዴይ» ላይ ስለተንጠለጠለች ሰውዬው ይጠፋና ልጁ የትናንት ልጅ ሆኖ ይቀራል። «ዘ ሰን ኦፍ ዘ ማን አይ ሜት የስተርዴይ» ብለው ይገላገሉ።