ከአርባ አምስቷ ሸክላ ወደ ስብስብ አልበም፦ ከተማ ዳር ላለ ሰው

በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮክ ኤንድ ሮል በአብዛኛው የሚሸጠው በየፊቷ አንድ ዘፈን በያዘችው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው ትንሽ ሸክላ ነበር። «ምርጥ ምርጥ» እየተባሉ በትልቁ ሸክላ የወጡት ስብስቦች ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሮክ ኤንድ ሮሉ ዘፋኝ ቸክ ቤሪ ከቼስ ኩባንያ ወደ ሜርኩሪ ኩባንያ ከዞረ በኋላ የታወቀባቸውን ዘፈኖች እንደገና ቀድቷቸዋል። ዘፋኞቹ ኤቨርሊ ወንድማማቾችም የካዴንስን ኩባንያ ትተው ዋርነር ከገቡ በኋላ፣ በ1964፣ እንዲሁ አድርገዋል። ርዕሱም ድምፃዊውም ያው ነው፤ ቅጂው ግን ሌላ ነው፣ ብዙውን ጊዜም የቀዘቀዘ ነው።

ስለዚህ ከትንንሾቹ ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር ቀድታችሁ የራሳችሁን ስብስብ ሲዲ ልትሠሩ ስትነሱ፣ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ሸክላዋን አንብቡ። መጀመሪያ መሃሏ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ሌብሉን፣ እዩ። ቀጥሎ ሸክላዋን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ፣ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ሌብሉ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ በቀጭኑ የተጫረውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ሌብሉ ቢላጥ እንኳ የቅጂው መታወቂያ እሱ ነው። የአገራችን አሳታሚዎች የነበሩትን የአምሃ ሪከርድስን ወይም የካይፋን ሸክላዎች ከውጭዎቹ ጋር ማደባለቅም ያምራል፤ አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ከቁራሌ የተገዛ ሸክላ ሳይታጠብ መርፌ አይነካውም። ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሰፈር አቧራው ደቃቅ ነው፤ መርፌው እየገፋ ከመስመሩ ግድግዳ ጋር ይፈጨዋል። የጉድጓድ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ትቶ ይሄዳል፣ እሱም ቅጭ ቅጭ ይላል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዙ፤ አሲድ ያለበት እንዳይሆን ጠርሙሱን አይታችሁ። በ1 ሊትር ውሃ 2 ወይም 3 ጠብታ የሰሃን ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሌብሉን ሳታረጥቡ፣ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፤ በሌላ ጨርቅና በባዶው የተጣራ ውሃ ሳሙናውን አንሱ። ከዚያ ቤት ውስጥ፣ የሰሃን መደርደሪያ ላይ በቁም ይድረቅ። ግቢ ካወጣችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው። አልኮል የሚባል ነገር ባለ 78 ዙሩን የጥንት ሸክላ ያበላሻልና አታስጠጉ።

ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው 220 ቮልቱን በትራንስፎርመር ወደ 110 ካወረደ የጨረሰ ይመስለዋል። የድሮ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ግን ከቮልቱ ሳይሆን ከኸርዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ከሚመላለስበት ቁጥር ነው፤ እዚያ 60፣ እኛ ጋ 50። በ45 መዞር የነበረበት በ37.5 ይዞራል፣ ድምፃዊውም ወፍሮ ሌላ ሰው ይመስላል። ትክክለኛው መፍትሔ የሞተሩን ፑሊ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ መዘውር) ለ50 ኸርዝ በተሠራው መቀየር ነው። ከጠፋ፣ ከቀዳችሁ በኋላ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ20 በመቶ ጨምሩ፤ የወፍራምና የቀጭን ድምፁ ሚዛን ትንሽ ይዛባል፣ መላ ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ቤታችሁ ሲኖትራክ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆነ መርፌው እሱንም ይቀዳል። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥን ማስቀመጫው አውርዱት፤ ብሎኬት ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ወፍራም ጣውላ አድርጉና እዚያ አስቀምጡት። ስፒከሩ በሌላ ጠረጴዛ ይሁን። መርፌው ቢዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫን የቆየ ልማድ ነው፤ መስመሩን ያርሰዋል። የመርፌው ክብደት በካርትሪጁ (መርፌውን በያዘው ክፍል) መመሪያ ላይ የተጻፈው ይሁን። ከዚያ ማነስም ይጎዳል፤ የቀለለ መርፌ እየተንገጫገጨ ግድግዳውን ይመታዋል።

የማያቋርጥ እምም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ፎኖ ፕሪአምፕ (የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን) ላይ እሰሩ፣ ላፕቶፑንም ከቻርጀር ንቀሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ ሸክላው ግን እየተጎተተ ይቆማል። ያን ፋይል ለመጠገን አትድከሙ፣ ከመጀመሪያው ቅዱ።

በፕሮግራሙ የጥራት ምርጫ በ24 ቢት ቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከ−6 ዴሲቤል አይለፍ። የዚያ ዘመን ትንንሽ ሸክላዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞኖ ናቸው፣ በግራም በቀኝም ያው አንድ ድምፅ ነው። ግራና ቀኙን ለየብቻ አዳምጡ፦ እኩል ደህና ከሆኑ ደምሯቸው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚነዝረው ጫጫታ ብዙው ይጠፋል። አንዱ ወገን ካለቀ ግን ደህናውን ብቻ ውሰዱ። ከሞኖ የውሸት ስቴሪዮ መሥራት፣ በ1960ዎቹ ኩባንያዎች እንዳደረጉት፣ ዘፈኑን ባኞ ቤት ማስገባት ነው። ቅጭታውን አንድ በአንድ በእጅ አንሱ። የፕሮግራሙን የፍሽታ ማጥፊያ ከነካችሁት ግን የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል፤ ትንሽ ፍሽታ ይቅር።

የድምፁን መጠን በቁጥር ሳይሆን በዘፋኙ ድምፅ አስተካክሉ፤ አንዱ ሸክላ ሲጮህ ሌላው ያንሾካሹካል። በዘፈኖች መሃል 2 ሰከንድ ይበቃል። ሲዲ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ ወደ 31 ዘፈን ይገባል፣ ግን 14 ወይም 16 ላይ ብታቆሙ ይሻላል፤ ሁሉም በሁለት ተኩል ደቂቃ ሲሮጥ ጆሮ ይሰለቻል። ለመሸጥ ካሰባችሁ የባለመብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ያልነካካችሁትን የመጀመሪያ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ። ሸክላዎቹም ካርቶን ውስጥ በቁም ይመለሱ፤ ቁም ሣጥን ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ከተዋችኋቸው የበጋ ከሰዓት ሙቀት ያጣምማቸዋል።