ጀጎል ዝም በሚልበት ሰዓት

«ሐረርን ለማየት ስንት ሰዓት ይበቃል?» ድሬዳዋ እኔ ቤት የሚያርፍ እንግዳ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «በስንት ሰዓት ልትገቡ ነው?» እላለሁ። በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ክፍል፣ ጀጎል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት የተለያየ ከተማ ነው። ጠዋት ገበያ ነው፤ ሰው፣ አህያና ባጃጅ ይጋፋል። ከምሳ በኋላ ግን ጫቱ ተገዝቶ ያልቅና ሰው በየቤቱ በርጫ፣ ማለትም ጫት መቃሙ ላይ፣ ይቀመጣል። ያኔ ጠባቦቹ መንገዶች ባዶ ይሆናሉ። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ጊዜ ለራሴ የተሰጠ ይመስል እወደዋለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ በር አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ የሮጥኩበት ሰፈር ነው፤ እስካሁን አልጠገብኩትም።

ከድሬ የምትነሱ ከሆነ አራት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ያዙ። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ የድሬ ሙቀት ከኋላችሁ ይቀራል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጥላ ውስጥ ይበርዳል፤ ስስ ሹራብ ወይም ነጠላ ያዙ። አወዳይ ላይ የጫቱ ገበያ መንገዱን ከዘጋው ትዕግሥት ነው። ጫማችሁ የሚይዝ ሶል ይኑረው። የጀጎል ድንጋይ በሰው እግር ሟልጧል፣ ዝናብ ሲነካው ክፉኛ ያንሸራትታል። ምሳችሁን ከግንቡ ውጭ በልታችሁ ጨርሱ።

መግቢያችሁን ምረጡ። ብዙ ሰው የሚገባው በሐረር በር ነው፣ ለመኪና ስለሚመች። እሱ ግን በኋላ የተጨመረ በር ነው። የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ላይ የነበሩት አምስት በሮች ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። እኔ የምልካችሁ በሸዋ በር ነው። ውጭ ያለው ጫጫታ ጆሯችሁ ላይ እያለ በሩን ታልፋላችሁ። ወደ አንዱ ቀጭን መተላለፊያ ትታጠፋላችሁ። ሃያ እርምጃ ሳትሄዱ የራሳችሁን ጫማ ድምፅ ትሰማላችሁ።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ካርታው እዚህ ብዙም አያግዝም። በግንቡ ውስጥ ከ360 በላይ መተላለፊያ አለ፤ አንዳንዱ ሰው ቤት በር ላይ ያልቃል። መጥፋታችሁ አይቀርም። ግን ሁሉም ነገር ያለው 48 ሄክታር ላይ ስለሆነ ርቃችሁ አትጠፉም። ቁልቁል ብቻ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ግንቡ ያስቆማችኋል። ግንቡን ይዛችሁ ስትሄዱ በር ታገኛላችሁ። መሐል ከተማ መመለስ ካማራችሁ ደግሞ «ፈረስ መጋላ በየት ነው?» በሉ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ያደርሳችኋል።

አካሄዳችሁ ቀስ ይበል። ግንቦቹ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ተቀብተዋል። የቀለሙን መደራረብ ልጣጩ በተነሳበት ቦታ ላይ ተመልከቱ። አንዱ በሌላው ላይ የተቀባ ነው፣ በየበዓሉ ይታደሳል። ከዚያ ቁሙና አድምጡ። ከግንቡ ጀርባ ሙቀጫ ይሰማል። የሚቆላ ቡና ይሸታል። አንድ ቤት ልጆች ቁርአን ይቀራሉ፤ ጥቂት አለፍ ስትሉ የመድኃኔዓለም ደወል ይደርሳችኋል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሳታውቁት በበራቸው ታልፋላችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከቆጠራቸው ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል።

አንድ ነገር አደራ የምላችሁ ሰላምታን ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍበት ቦታ አለው። ከፊታችሁ ሰው ከመጣ አንዳችሁ ግድግዳ ትጠጋላችሁ። ያኔ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። «ሰላም አለይኩም» በሉ፣ ወይም «እንዴት ዋላችሁ»። እንዲያ ካለው ጠባብ መንገድ አንዱን የዕርቅ መንገድ ይሉታል። የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም።

ፎቶም ያው ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች የአጎቴን ልጅ ይዤ ስሄድ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ስፌት ይሰፋሉ። ቀለሙ ልብ ይሰርቃል። ሳልጠይቅ ስልኬን አነሳሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በጣም አፈርኩ። ጠጋ ብዬ «አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ ይጠየቃል» አሉና ግቡ አሉን። ቡና አጠጡን። ፎቶ ግን አላነሳሁም፤ ልቤ አልፈቀደም።

እንዲያ ያለ ቤት ከገባችሁ ማወቅ ያለባችሁ አለ። ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ወለሉ በአምስት መደብ ይከፈላል። መደቡ ነደባ ይባላል፤ እያንዳንዱም ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ጌታ ቦታ ነው። ስለዚህ ጫማችሁን አውልቁና የት እንደምትቀመጡ እስኪነገራችሁ ቁሙ። ከዚያ ዓይናችሁ እንደልቡ ይሂድ። ግድግዳው በሳህንና በስፌት የተሞላ ነው። መደቡና ወለሉ ቀይ ነው፤ ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ በልማዱ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

ከዝምታው ስትወጡ «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ይጠብቃችኋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እናቴ ጨርቅ አስይዛ የምትልከኝ እዚህ ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ዘዴ አልተውኩም። ገና ስገባ ሽርጥ ወይም የትራስ ጨርቅ እገዛና ጠርዙን እንዲዘመዝሙልኝ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሼ እወስዳለሁ። እናንተም ሞክሩት። ሰፊው ጉንጩ በጫት አብጦ መኪናውን እየረገጠ ስለ ቤተሰባችሁ ይጠይቃችኋል። ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ከዚያ ቅርብ ነው፤ አሁን የአብደላ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውም እዚያው ሰፈር ነው። ባለጌጡ እንጨቱ ያምራል፤ ገጣሚው ግን እዚያ አልኖረም። ሁለቱንም ለሌላ ቀን ብታቆዩት ቅር አይለኝም።

አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ኤረር በር አካባቢ ድረሱ። ፀሐይዋ ጋደል ስትል ግንቡ ማር ይመስላል። እዚያ ሳንቡሳ የሚጠብሱ ሴቶች አሉ፣ ትኩሱን ብሉ። ግንቡን ተከትላችሁ ስትሄዱ ከሥሩ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ፈልጉ። ወራባ ኑዱል ይሉታል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ማታ ጅቦቹ በዚያ ሾልከው ይገቡና የቀኑን ትርፍራፊ ይለቅማሉ።

ስለዚህ ከቻላችሁ እደሩ። እንግዳ የሚያሳድሩ ጌ ጋሮች ጀጎል ውስጥ አሉ። ማታ በጊዜ ተኙ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አድርጉት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ውሾቹ ድንገት ዝም ካሉ አትነሱ፤ ከታች በመተላለፊያው የሚያልፈውን የእግር ኮቴ አድምጡ።