የኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ በአሜሪካ ለንግግርና ቋንቋ ሕክምና ማስተርስ እንዴት ማመልከት ይቻላል

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ለንግግር ምርመራ ቀረበ። ባለሙያዋ ሥዕል ታሳየዋለች፤ ልጁ የሥዕሉን ስም በአማርኛ ይጠራል፤ እኔ እተረጉማለሁ። «ጠረጴዛ»፣ «ቁልፍ»፣ «ጨረቃ» እያለ አንዱንም ሳይስት መለሰ። ባለሙያዋ ግን በየቃሉ መነሻ ላይ የስሕተት ምልክት ታደርግ ነበር። ምርመራው ሲያልቅ ምክንያቱን ጠየቅኋት። ድምፁ ጉሮሮው ላይ እየታፈነ ይወጣል አለችኝ። የሰማችው የእኛን ጠ፣ ቀ እና ጨ ነበር። አስረዳኋት፤ እርሷም በቅንነት ሰምታ ውጤቱን አረመች። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያን ዕለት ማንም ባይጠይቃት ኖሮ ልጁ የሌለበትን ችግር ተሸክሞ ይወጣ እንደነበር እያሰብኩ ነበር።

ሙያውን ለመማር የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። ለመግባት ሁለት የማመልከቻ ዘመን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው የከሸፈው በውጤት ማነስ ሳይሆን በወረቀት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ወረቀቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ

በአሜሪካ ራሱን የቻለ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል፤ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ፕሮግራሙ ሲኤኤ የሚባለው የሙያው አክሬዲቴሽን ምክር ቤት ዕውቅና የሰጠው መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ዕውቅና የሌለው ፕሮግራም ርካሽ ቢሆንም ገንዘባችሁን አትስጡት።

የሙያ ማረጋገጫውን የሚሰጠው አሻ ነው፤ ማለትም ዋና መሥሪያ ቤቱ ሮክቪል፣ ሜሪላንድ የሚገኘው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር። ማኅበሩ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 25ቱ ምልከታ ሲሆን 375ቱ ተገልጋዮችን በቀጥታ የሚያገለግሉበት ነው። ፕራክሲስ በተባለው ፈተና 162 ነጥብ ማምጣት፣ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአማካሪ ክትትል መሥራት ይኖራል። የግዛት ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ «ዲግሪው ካለቀ በማግሥቱ ሥራ» ብሎ የቤት ኪራይ የሚያሰላ ሰው ስሌቱን እንዲያስተካክል ነው።

ፕሮግራም ለመምረጥ አሻ ያዘጋጀውን ኤድፋይንድ የተባለ መፈለጊያ ተጠቀሙ። ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንቱ ተቀባይነት እንዳገኘና የገቡት አማካይ ውጤት ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። ብዙ ፕሮግራሞች ዝቅተኛው 3.0 ነው ብለው ይጽፋሉ፤ በተግባር የሚገቡት ከዚያ ከፍ ያሉ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖረው ሀዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጋሎዴት፣ የኮሎምቢያ ዲስትሪክት ዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ፕሮግራሙ አላቸው። እኔ የደረጃ ሰንጠረዥ አይቶ መምረጥን አልመክርም። ተማሪዎቹ የት እንደሚለማመዱና ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችን የሚያይ ክሊኒክ እንዳለ መጠየቅ ይሻላል።

ትራንስክሪፕቱ፦ እኔ የወደቅሁበት ቦታ

ሻንጣችሁ ውስጥ ያለው ትራንስክሪፕት «ስቱደንት ኮፒ» ከሆነ፣ ለዚህ ጉዳይ እንደሌለ ቁጠሩት። የሚፈለገው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። እርሱ ደግሞ ከሬጅስትራር ቢሮ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ድርጅት ይላካል እንጂ በእናንተ እጅ አያልፍም። የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ካልጨረሳችሁ ሬጅስትራሩ ሊያቆማችሁ ስለሚችል መጀመሪያ እርሱን ጨርሱ። አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እኅት የሚከታተልላችሁ ከሆነ፣ በስልክ ከመማጸን ይልቅ በኤምባሲው በኩል ውክልና ላኩላቸው። ያለ ውክልና ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

ቀጥሎ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ያስፈልጋል። ዌስ አንዱ ነው፤ ሌሎችም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የትኛውን እንደሚቀበሉ ጠይቁ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለር ጋር ይመጣጠናል» ብሎ የሚያበቃ አጠቃላይ ግምገማ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ኮርስ ከክሬዲቱና ከውጤቱ ጋር እየዘረዘረ አማካይ ውጤቱን ወደ አሜሪካ ሚዛን የሚቀይር ነው። እኔ ረከስ ያለውን፣ የመጀመሪያውን አዘዝኩ። ወረቀቱ ሲደርስ ዲግሪዬ ትክክለኛ ባችለር መሆኑን ይመሰክራል፤ አንድም ኮርስ ግን የለበትም። የመግቢያ ኮሚቴ በዚያ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁለተኛውን አዘዝኩ፤ እስኪደርስ የሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ቀን አለፈ። የአንድ ዓመት ዕድሜ ለጥቂት ዶላር ቁጠባ ከፈልኩ። በኮርስ የተዘረዘረውን እዘዙ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የእኛን አገር ሰው ለብቻው ያጠቁታል። አንደኛው ስም ነው። ዲግሪያችሁ ላይ የመጨረሻው ስም የአባት ሆኖ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የእንግሊዝኛ አጻጻፉ በአንድ ፊደል ይለያያል። ለማሽን እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። በማመልከቻው ላይ «ሌላ ስም» የሚለውን ቦታ ሳትዘሉ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ትራንስክሪፕቱ በእኛ አቆጣጠር 2001 ብሎ ማመልከቻው ላይ እናንተ 2009 ካላችሁ፣ ገምጋሚው ሰነዱ አይገናኝም ሊል ይችላል። ሬጅስትራሩ የፈረንጁን ዓመት ጎን ለጎን እንዲጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የኮርሶቹን መግለጫም ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ጥቅሙ አሁን ይታያል።

ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ኮርሶች

አሻ አራት መሠረታዊ መስኮች ይጠይቃል፦ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም የማኅበራዊ ወይም የሥነ ባሕርይ ሳይንስ። ባዮሎጂው ሰውን ወይም እንስሳትን የሚመለከት ሊሆን ይገባል። ስታቲስቲክሱ ራሱን የቻለ ኮርስ መሆን አለበት፤ የምርምር ዘዴ ኮርስ አይተካውም። አገር ቤት በማኅበራዊ ሳይንስ የተመረቅን ብዙዎቻችን የምርምር ዘዴ ተምረን ስታቲስቲክስ የተማርን ይመስለናል። ማኅተም ያለው የኮርስ መግለጫ ያኔ ይፈርዳል። የጎደለውን በማኅበረሰብ ኮሌጅ ማሟላት ይቻላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ናቸው፤ ክፍያቸውም ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ነው።

ከእነዚህ በላይ የሙያው የራሱ መነሻ ኮርሶች አሉ፦ የንግግርና የመስማት አካላት አሠራር፣ ፎኔቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት)፣ የልጆች የቋንቋ እድገት፣ የንግግርና የመስማት ሳይንስ፣ የመስማት ምርመራ መግቢያ። በነርስነትም ሆነ በቋንቋ መምህርነት ተመርቃችሁ ቢሆን፣ እነዚህ ላይኖሯችሁ ይችላሉ። በኢንተርኔት የሚሰጡ አሉ፤ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ባችለር ለምሳሌ በርቀት ይሰጣል። እኔ ግን የምትፈልጉት ፕሮግራም ዝርዝር ላይ ያሉትን ብቻ ለይታችሁ እንድትወስዱ እመክራለሁ። ኮርስ ከዓመታት በኋላ እንደሚያረጅ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞችም ስላሉ በጣም አስቀድማችሁ አትውሰዱ።

ፎኔቲክስ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ እኛን የሚጥለውም የሚያነሣውም እርሱ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ መልክ ያጣምራል፤ «ቡ» ለዓይናችን አንድ ነው። በዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ግን ሁለት ምልክት ነው፤ መለያየቱን እጃችን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ደግሞ ከእኛ ሰባት ይበልጣሉ። «መርከብ» (ship) እና «በግ» (sheep) የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለይቶ መስማት ለእኔ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። መፍትሔው ጽሑፍ ሳያዩ ከጆሮ ብቻ መጻፍ ነው፤ የስልክ ጨዋታዎቹ ብዙም አልረዱኝም። የረዳኝ ፕራት የተባለው በነጻ የሚገኝ የድምፅ መተንተኛ ነው። ድምፃችሁን ቅዱና «ጠ» ስትሉ ተመልከቱ፤ ድምፁ ከፈነዳ በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ትንሽ ጸጥታ ይታያል። «አለ» አላልታችሁ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ቅዱ፤ በሁለተኛው «ለ» ረዝሞ ይታያል። ፊደላችን የማይጽፈውን ልዩነት በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያቺ ባለሙያ የሳተችውን አሁን በምልክት ጽፌ ላሳያት እችላለሁ።

ስለ አነጋገራችሁ አትፍሩ። የአሻ አቋም በራሱ ቅላጼ የሚናገር ሰው ከሙያው እንዳይከለከል ነው። የሚጠበቀው ተገልጋዩ የሚማረውን ድምፅ ማሳየትና መለየት መቻል ነው።

የምልከታ ሰዓት

ብዙ ፕሮግራሞች ከ25ቱ ሰዓት የተወሰነውን ወይም ሁሉንም ከመግባታችሁ በፊት እንድትጨርሱ ይወዳሉ። የምትመለከቱት ባለሙያ የአሻ ማረጋገጫ ያላት መሆን አለባት። ከማረጋገጫው በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር በሙሉ ጊዜ የሠራችና ስለ ክትትል ሁለት ሰዓት የሠለጠነች መሆኗንም ጠይቁ። ያየሁትን የመጀመሪያ አሥራ አንድ ሰዓት ባለማስፈረሜ አጣሁት፤ ባለሙያዋ ሥራ ቀይራ ሄዳ ነበር። በየዕለቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአባልነት ቁጥሯን ጽፋችሁ ሳትወጡ አስፈርሙ።

ድጋፍ ደብዳቤና ድርሰት

ሦስት ደብዳቤ የተለመደ ነው፤ ቢቻል ሁለቱ ከመምህራን ይሁኑ። አገር ቤት ያለ መምህራችሁ የሚጽፍ ከሆነ ከተቋሙ ኢሜይል እንዲልክ ለምኑት። ደብዳቤውን የሚጠይቀው ኢሜይል ከማያውቁት አድራሻ ስለሚመጣላቸው ብዙዎች ሳይከፍቱት ይቀራሉ፤ ስለዚህ በስልክ ደውሉላቸው።

ድርሰቱ ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ መጀመር ቦታ ማባከን ነው፤ የሚያመለክተው ሰው ሁሉ ይወዳል። በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ያን ጊዜ ያልገባችሁን፣ አሁን የተማራችሁትን ጻፉ። የልጁን ስም፣ ትምህርት ቤቱንና የሚለየውን ማንኛውንም ነገር አውጡ። የሰው ምስጢር መጠበቅ የሙያው የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ አንባቢዎቹም ይህን ያያሉ።

የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው ቶፍል፣ በእንግሊዝኛ መማራችሁን ብትናገሩም ሊጠየቅ ይችላል። ጂአርኢ የተባለውን የማስተርስ መግቢያ ፈተና ብዙዎቹ ትተዋል፤ አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ማስገባት

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሲኤስዲካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ይቀበላሉ። ለመጀመሪያው ፕሮግራም ከ100 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ ያነሰ ነው። የመዝጊያ ቀኖቹ በብዛት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ናቸው። ቃሉን ግን በጥንቃቄ አንብቡ። አንዳንዱ ፕሮግራም በዚያ ቀን «የገባ» ሲል፣ ሌላው «ተረጋግጦ ያለቀ» ማመልከቻ ይላል፤ ማረጋገጡ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የመዝጊያ ቀኑን ትታችሁ ከእርሱ ስድስት ሳምንት በፊት ያለውን ቀን የራሳችሁ መዝጊያ አድርጉ። አገር ቤት የሚላከው የትራንስክሪፕት ጥያቄ ከዚያም ቢያንስ አራት ወር ቀድሞ ይነሣ።

ከተቀበሏችሁ መልስ የምትሰጡበት የተለመደ ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ከዚያ በኋላ የወንጀል ማጣሪያና የክትባት ማስረጃ ይመጣል። የልጅነት የክትባት ካርዴ አልተገኘም። ፍለጋውን ትቼ የደም ምርመራ ጠየቅሁ፤ ሰውነት መከላከያ እንዳለው ያሳያል፣ የጎደለውን እዚያው ይከትባሉ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ መድረስ ስላለበት ቀጠሮውን በሜይ ያዙ።