የመድኃኒት ዕፅን ለጥናት በሚበቃ መልኩ ስለ መመዝገብ

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያም ሆነ በሐረር ጀጎል በሮች አጠገብ ከሚገኙ ባለመድኃኒቶች የምንሰማው ዕውቀት ለቤተ ሙከራ ጥናት የሚበቃው፣ ተክሉ ራሱ ከቃሉ ጋር አብሮ ሲመዘገብ ነው። በአንድ ስም የሚሸጠው ሬት እንኳ ከአንድ በላይ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል፣ ስም ብቻ ጽፎ መመለስ ከንቱ ድካም ነው።

አስቀድመው የባለዕውቀቱን ፈቃድ ይጠይቁ። የማኅበረሰብ ዕውቀት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ጥበቃ የተደረገለት ሀብት ነው።

ከዚያም ተክሉ ወደሚበቅልበት ስፍራ አብረው ይሂዱ፤ የተፈጨ ዱቄት ዝርያውን አያስለይምና። አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው በጋዜጣ መካከል ይዘርጉ፣ በሁለት ጣውላ አጥብቀው ይሰሩት፣ ጋዜጣውንም በየዕለቱ ይለውጡ። ሬትን የመሰለ ውሃ የቋጠረ ቅጠል በቁመቱ ተሰንጥቆ ውስጡ ካልተፋቀ ይበሰብሳል። ቁልቋል ሲቆርጡ ወተቱ ዓይንዎን እንዳይነካ እጅግ ይጠንቀቁ። ቅርፊት የሚወሰድ ከሆነ ግንዱን ዙሪያውን አይላጡት፤ በሀገራችን ደኖችም የሚገኘው ጥቁር እንጨት፣ በካሜሩን ለፕሮስቴት (የወንዶች ዕጢ) ሕመም መድኃኒት ሲባል ክፉኛ በመላጡ፣ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል።

በመዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ስፍራውን፣ ከፍታውን፣ ሲደርቅ የሚጠፋውን የአበባ ቀለም፣ እንዲሁም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ የሚጠራበትን ስም ያስፍሩ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ በጥቂት ሰዓት መንገድ የዕፀዋቱ ዓይነት ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ስለሚወሰደው ክፍል፣ ስለ አዘገጃጀቱና ስለ መጠኑ ደጋግመው ይጠይቁ። ከሬት ቅጠል ልጥ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ መካከሉ ያለው ዝልግልግ ግን ለቆዳ የሚቀባ ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ «ሬት ይጠቅማል» ብሎ መጻፍ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በጋና ሕዝቡ ለወባ የሚያፈላው ክሪፕቶሌፒስ የተባለውን ተክል ሥር ነው፤ ክሪፕቶሌፒን የተባለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ የወባን ተውሳክ ሲያጠቃ የታየውም ከዚያው ሥር ተለይቶ ነው። መጠንን በተመለከተ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በካላባር አካባቢ፣ ተጠርጣሪዎች ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸው እንዲለይ ተብሎ እንዲውጡት ይደረግ የነበረው ባቄላ ነፍስ የሚያጠፋ መርዝ ሲሆን፣ በ1864 እ.ኤ.አ. ከእርሱ የተለየው ፊዞስቲግሚን የተባለ ንጥረ ነገር ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ሕመም ሕክምና ውሏል። ስለዚህ «ጥቂት» የሚል መልስ ሲሰጥዎ በስኒ ወይም በማንኪያ እንዲለካልዎ ይለምኑ፤ እርስዎ ግን ለሙከራ ብለው አይቅመሱ።

በመጨረሻም ናሙናውንና መዝገቡን በአንድ ቁጥር አያይዘው ለሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለአዲስ አበባው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማኖሪያ) ያስረክቡ፤ የመዝገቡንም ቅጂ ለባለዕውቀቱ ይስጡ።