ጥናታችሁ ቴሌግራሙን አጥለቅልቆ አልትሜትሪክ ላይ ግን ዜሮ ሲሆን

ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ የተመራማሪዎችን ፕሮፋይል የማስተካክለው እኔ ነኝ፣ እና በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው አልትሜትሪክን (ጥናት ኦንላይን ላይ ምን ያህል እንደተወራበት ቆጥሮ ነጥብ የሚሰጠውን አገልግሎት) ስልኩ ላይ ከፍቶ ይመጣና "ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?" ይለኛል። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ምን እንደሆነ፣ ኦርሲድ (የተመራማሪው መለያ ቁጥር) እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክቱ፦ ጽሑፉ በየግሩፑ ዞሯል፣ ዶናቱ (አልትሜትሪክ ነጥቡን የሚያሳይበት ባለቀለም ክብ) ግን ባዶ ነው

አብዛኛው የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አልትሜትሪክ ቴሌግራምንም ዋትስአፕንም አያይም። የሚከታተለው ኤክስን፣ ብሉስካይን፣ የፌስቡክ ፔጅን (የግል አካውንትና ዝግ ግሩፕ አይደለም)፣ ሬዲትን፣ ዜናን፣ ብሎግን፣ ዊኪፒዲያን፣ የፖሊሲ ሰነድን ነው። ሊንክድኢንም ከፈረንጆች 2014 ወዲህ የለበትም።

ሁለተኛውና እኔን የሚያበሽቀኝ፣ የለቀቃችሁት ሊንክ ሳይሆን ፒዲኤፍ መሆኑ ነው። ማህበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆጠረው ሊንክ ነው፤ ማሽኑ ዲኦአይውን ወይ የጆርናሉን ገጽ ካላገኘ ስለ የትኛው ጽሑፍ እንደተወራ በምን ያውቃል? ኤክስ ላይ እንኳ የመጀመሪያውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጎ ብቻ የሚለጥፍ አለ፣ ፎቶ አይቆጠርም!

አንዴ የእናቶች ጤና ላይ የሚሰሩ ዶክተር መጡ። ጽሑፋቸው በየባለሙያው ግሩፕ ዞሮ ከክልል ሁሉ ተደውሎላቸዋል። "ዶክተር፣ የትኛውን ሊንክ ነው የለቀቁት?" ስላቸው ስልካቸውን ሰጡኝ፣ "ፋይናል ፋይናል ሪቫይዝድ 3" የሚል ፒዲኤፍ። ከፍተን ስናየው ከጆርናሉ የወጣው እንኳ አይደለም፣ መጀመሪያ ለኤዲተሩ የላኩት ወርድ ነው ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረው፣ ሰንጠረዥ 2 ላይ ሪቪወሩ ያሳረማቸው ቁጥር እዚህኛው ላይ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሰው ሲቀባበለው የከረመው ስህተቱን ነበር። ከዜሮው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያንን ቁጥር ይዞ ስልጠና የሚሰጥ ባለሙያ ይኖራል።

መፍትሄው፦ ከራሳችሁ ቻናል ፖስት አድርጉ። ሶስት አራት መስመር በአማርኛ ግኝቱን ጻፉ፣ ከስር ሙሉውን የዲኦአይ ሊንክ፣ ከ10 የሚጀምረውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ዲኦአይ ዶት ኦርግ ያለበትን። ከዛ ሰው ፎርዋርድ እንዲያደርገው ጠይቁ። ፎርዋርድ ከተደረገ እይታው እናንተው ፖስት ላይ ባለችው የአይን ምልክት ይደመራል፣ አውርደው እንደ አዲስ ከጫኑት ግን ክሩ ተበጠሰ፣ እናንተ ጋ የሚመጣ ቁጥር የለም። ያንኑ ሊንክ ኤክስ ወይ ፌስቡክ ፔጅ ላይም ልቀቁ። የቴሌግራሙን እይታና ፎርዋርድ በሳምንቱ፣ በወሩ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ።

ይሄንን ቁጥር ከአልትሜትሪክ ነጥብ ጋር እንዳትደምሩት፣ ሪፖርት ላይ ለየብቻ ጻፉት። ደውሎ የጠየቃችሁንም ጻፉ፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን ስራ። ጥናቱ ሰው እጅ ገብቶ ስራ መስራቱን የሚያሳየው እሱ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ማሽን አይቆጥርላችሁም።

ምልክቱ፦ ገጻችሁ ጎብኚ አለው፣ ጉግል አናሊቲክስ ግን "ዳይሬክት" ይላል

ቴሌግራም አፕ ውስጥ የተነካ ሊንክ ብዙውን ጊዜ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የራሳችሁ ገጽ ሊንክ ላይ ዩቲኤም (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር ከሊንኩ ጫፍ የሚቀጠል ጽሑፍ) ጨምሩ፣ ለቴሌግራም ለብቻ፣ ለፌስቡክ ለብቻ። ዲኦአይው ላይ ግን ምንም አትቀጥሉበት።

ምልክቱ፦ ዲኦአይው ሲነካ አልተገኘም ይላል

ትናንት የወጣ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ። ወር ካለፈው አብዛኛውን ጊዜ ጆርናሉ ቁጥሩን ፒዲኤፉ ላይ አትሞ ክሮስሬፍ (ዲኦአይ የሚመዘግበው ድርጅት) ላይ አላስመዘገበውም ማለት ነው። ኤዲተሩን ወጥራችሁ ያዙት። የህትመት ክፍያ ተቀብሎ ይቺን የማይሰራ ጆርናል ሁለተኛ ጽሑፍ አይገባውም።

ምልክቱ፦ ነጥቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል

ፕሪፕሪንቱ (ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት ኦንላይን የተለቀቀው ቅጂ) የራሱ ዲኦአይ አለው። ዋናው ከወጣ በኋላ ዋናውን ብቻ አጋሩ።

ምልክቱ፦ ነጥቡ ባንድ ሌሊት ተተኮሰ

ለዲን ከመላካችሁ በፊት የተወራውን አንብቡ፣ አንድ በአንድ። ነጥቡ ሙገሳና ትችት አይለይም። በፈረንጆች 2020 ላንሴት የተባለው የህክምና ጆርናል ላይ የወጣው የሃይድሮክሲክሎሮኪን (ለኮቪድ የተሞከረው የወባ መድኃኒት) ጽሑፍ ግንቦት ላይ ታትሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነው የተሰረዘው፣ በዛን ሰሞን ደግሞ ዓለም ያወራው ስለሱ ነበር።

የዶክተሩን ፖስት አጥፍተን በሊንክ ቀየርነው። አሮጌው ፋይል ግን አሁንም አልፎ አልፎ አንዱ ግሩፕ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ባየሁት ቁጥር ከስሩ ትክክለኛውን ሊንክና "ሰንጠረዥ 2 ታርሟል" የሚል አንድ መስመር እለጥፋለሁ።