መኪናው ነው ወይስ እጄ? የ«ግራን ቱሪዝሞ 7» ጌም ችግሮችና መፍትሄያቸው

የመኪና ውድድር ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ይሄ መኪና የሆነ ችግር አለበት» ብሏል። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ብዙውን ጊዜ ግን መኪናው ምንም አልሆነም። ወይ እጄ ነበር ወይ ሴቲንጉ።

የመጀመሪያው ግራን ቱሪዝሞ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እዚህ የማወራለት ሰባተኛው ደግሞ በመጋቢት 2022 ወጣ። ስለዚህ አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሌላው ትናንት የነካው፣ ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ጌሙ ገና ሲከፈት ጀማሪ፣ መካከለኛ ወይስ ኤክስፐርት ብሎ ይጠይቃል። መልሳችሁ ስንት አጋዥ፣ ማለትም አነዳዳችሁን በራሱ የሚያርም ሴቲንግ፣ እንደሚበራላችሁ ይወስናል። ግማሹ ችግር የሚጀምረው እዚችው ጋ ነው። ጀማሪው አፍሮ ኤክስፐርትን ይመርጣል። አሮጌው ተጫዋች ደግሞ ቸኩሎ ሳያነብ ያልፍና የማያስፈልገው አጋዥ ሁሉ ይበራበታል። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ «መኪናው እምቢ አለኝ» ይላሉ። ምልክቱ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን የተገላቢጦሽ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምን። ስታስተካክሉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሦስት ዙር ንዱ። አምስት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው ቢሻለውም ምኑ እንዳሻለው አያውቅም።

ከኩርባ ስወጣ መኪናው ይዞርብኛል

ይሄ የችግሮች ሁሉ አውራ ነው። ኩርባውን በሰላም ይዛችሁታል። መውጫው ሲታያችሁ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። የመኪናው ጀርባ ይቀድማችሁና የመጣችሁበትን መንገድ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ።

ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው። ይህንኑ አቅም ለመታጠፍም፣ ለፍሬንም፣ ለመፍጠንም ያካፍላል። መኪናው ገና እየታጠፈ ሳለ አብዛኛው አቅም ተይዟል። በዚያ ላይ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወርድበት ጎማው መሬቱን ይለቃል። የኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዱ ጉልበተኛ መኪና ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ጥፋቱ ያለው ጣታችሁ ላይ ነው። የነዳጁን ቁልፍ፣ አር2ን፣ እንደ በር ደወል ነው የምትጫኑት፦ ወይ ዜሮ፣ ወይ መቶ። መጀመሪያ ነዳጅ ስትሰጡ ጎማው እንዳይንሸራተት ጉልበቱን የሚቀንሰውን አጋዥ፣ ቲሲኤስን፣ 3 ላይ አድርጉት። ከ0 እስከ 5 የሚሄድ ነው፣ ውድድር ላይ እያላችሁም መቀየር ይቻላል። ከዚያ አውራ ጣታችሁንና አመልካች ጣታችሁን በክር የታሰሩ አስመስሏቸው። መሪው ወደ መሃል በተመለሰ ቁጥር ነዳጁ ይጨምራል፣ መሪው ገና ተሰብሮ ሳለ ነዳጁ ትንሽ ነው። ከዘገምተኛ ኩርባ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ የሚዞርባችሁ ከሆነ በሦስተኛ ሞክሩት። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይለዝባል። እጃችሁ ሲለምድ ቲሲኤስን ወደ 1 አውርዱት፣ 3 ላይ ከተዋችሁት ከኩርባ ስትወጡ ሞተሩን ያፍናል።

ልምድ ያላችሁ ከሆነ ግን ሁለት ሌላ ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ኩርባው መሃል ላይ ደንግጣችሁ ነዳጁን በአንዴ ለቃችሁ ይሆን? ያኔ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጋደማል፣ የኋላው ይቀላል፣ ይከዳል። መልቀቅ ካለባችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። መኪናው ሲንሸራተት መሪውን ወደ ተቃራኒ የሚመልስ አጋዥ አለ። እናንተም በልምድ ትመልሳላችሁ፣ እሱም ይመልሳል። ሁለታችሁ ስትደመሩ መኪናው ወደ ሌላኛው ጎን ይወረወራል። አጥፉት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ የተገጠመውን ጎማ እዩ። ጎማዎቹ ኮምፎርት፣ ስፖርትስ እና ሬሲንግ ተብለው ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱም ሃርድ፣ ሚዲየም እና ሶፍት አለው። ኮምፎርት ጎማ ላይ የተቀመጠ ጉልበተኛ መኪና ለማንም አይታዘዝም። ገንዘብ ካላችሁ ከሞተር በፊት ጎማ ግዙ። ይህን ምክር ሰምቶ የተጸጸተ ሰው አላጋጠመኝም።

መሪውን ብሰብረውም አይታጠፍልኝም

እዚህ ጋ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ሣሩ ይሄዳል። የሰው ደመነፍስ መሪውን ይበልጥ መስበር ነው። ያ ነው የሚያባብሰው። የፊት ጎማው ቀድሞውኑ እየተንሸራተተ ነው፣ ሲጨመርበት ይብሳል።

ምክንያቱ ከአስሩ ዘጠኝ ጊዜ ፍጥነት ነው፣ ያውም ከኩርባው በፊት የተሠራ ስህተት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ሲነዳ የለመደ ሰው በ200 ሲመጣ «እጥፍ ርቀት ይበቃኛል» ይላል። አይበቃም።

ከመንገዱ ዳር የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ፣ የርቀት ሰሌዳ ካለ እሱን። ፍሬኑን እዚያ ያዙ፣ መኪናው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ። ስትታጠፉ ፍሬኑን በአንዴ አትልቀቁት፣ መሪው እየተሰበረ ሲሄድ ጣታችሁ ቀስ እያለ ይነሳ። ይህች መጨረሻ ላይ የምትቀር ትንሽ ፍሬን የፊቱን ጎማ መሬት ላይ ትጫነውና መኪናው ይታጠፋል። ከለመዳችኋት የዙር ሰዓታችሁን ይበልጥ የምታሳጥረው እሷ ናት። መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ መሪውን ትንሽ መልሱ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፣ ግን ይታጠፋል።

አሮጌ ተጫዋች ሆናችሁ ፍጥነቱም ልክ ሆኖ አልታጠፍ ካለ ኤኤስኤም የሚባለው አጋዥ በርቶ ይሆናል። እሱ መንሸራተት የመሰለውን ሁሉ በራሱ ፍሬን ያፍናል። ሆን ብላችሁ ጀርባውን ልታዞሩት ስትሞክሩ እሱ ይከለክላችኋል። አጥፉት።

በየት መንዳት እንዳለባችሁ ጌሙ መንገዱ ላይ የሚያሰምረውን መስመር በተመለከተ፦ አዲስ መንገድ ለማወቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓይናችሁን መኪናው አፍንጫ ሥር ይቸክለዋል። መንገዱን እንዳወቃችሁ ገላግሉት።

ፍሬን ስይዝ ጎማው ይቆልፋል፣ መሪው ይሞታል

ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ጠፍቷል ማለት ነው። ዴፎልት ላይ መልሱት። የማይዞር ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ መሪው የሞተ የሚመስለው ለዚህ ነው። በጆይስቲክ እየተጫወቱ ኤቢኤስ ማጥፋት ራስን መቅጣት ነው፣ ጥሩ ፔዳል ያለው ሰው ይሞክረው።

ሁሉንም ነገር ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ

ፍሬን ትይዛላችሁ፣ መኪናው ቆይቶ ይሰማል። ጣታችሁን አትጠራጠሩ፣ መጀመሪያ ቲቪውን ጠርጥሩ። ጌሙ በመደበኛው በሴኮንድ 60 ምስል ያወጣል፣ አንዱ ምስል ወደ 17 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ቲቪው ግን ምስሉን ላስውብ ብሎ ከዚያ በላይ ሊይዘው ይችላል። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በሴኮንድ ከ55 ሜትር በላይ ይሄዳል። ቲቪው 100 ሚሊሴኮንድ ቢይዝባችሁ ከአምስት ሜትር በላይ ጠፋ ማለት ነው። ቲቪው ላይ ጌም ሞድ የሚል አለ፣ አብሩት። እኔ ስንት ወር በፊልም ሞድ እየተጫወትኩ ራሴን ስወቅስ እንደነበር ባልናገር ይሻለኛል።

ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል

ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሜኑ ክፈቱ። ማንም ሳይነካው ምርጫው በራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ስቲኩ አርጅቷል። በዙሪያው ያለውን አቧራ አጽዱ፣ ካልተሻለው ስቲኩን ማስቀየር ነው። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ጆይስቲኩን በማዘንበል መሪ የሚያዞረው ምርጫ በስህተት በርቶ እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ እዩ።

በመሪ የምትጫወቱ ከሆነና መሪው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግራ ቀኝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያለው ምክንያት ሌላ ነው። የመሪው ኃይል በዝቷል፣ እጃችሁም በጣም ላላ ብሎ ነው የያዘው። ማክስ ቶርክ የሚለውን ቀንሱ። ኃይሉን እስከ ጫፍ መጨመር የጀግና ይመስላል፣ ግን ሞተሩ ጣሪያው ላይ ከደረሰ ትንሹ ጉብታም ትልቁም አንድ ዓይነት ይሰማችኋል። ጎማው ሊከዳ ሲል የሚነግራችሁን ነገር አትሰሙትም።

ውድድሩ መኪናዬን አልቀበልም አለ

ፒፒው፣ ማለትም ጌሙ ለመኪናው ብቃት የሚሰጠው ነጥብ፣ ከተፈቀደው አልፏል። ብዙ ሰው መኪና ካሳመረ በኋላ እዚህ ይጣበቅና ሌላ መኪና ይገዛል። አያስፈልግም። የሞተር ጉልበት መቀነሻና ተጨማሪ ክብደት የሚሸጡት ለዚሁ ነው። የእኔ ምርጫ ጎማውን አሳልፎ ሳይሰጡ ጉልበቱን መቀነስ ነው።

ከፊት የሚመሩትን መኪኖች አልደርስባቸውም

ብዙዎቹ ውድድሮች የሚጀምሩት መኪኖቹ እየሄዱ ነው፣ ከፊት ያሉትም ከእናንተ ብዙ ሴኮንድ ርቀው። ስለዚህ ከእናንተ ስለፈጠኑ አይደለም ሩቅ የሆኑት። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ሊደርስ ይሮጥና ግድግዳ ይመታል። ልዩነቱን ለዙሩ አካፍሉት። 30 ሴኮንድ በ5 ዙር 6 ሴኮንድ ነው፣ በየዙሩ እሱን ብቻ ፈልጉ። ካልተቻለ የተፎካካሪዎቹን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም።

ረጅም ውድድር ላይ መጨረሻ አካባቢ መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ጎማው አልቋል፣ ነዳጅ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ድብልቁን ወደሚቆጥበው ቀይሩት። ዝናብ ከመጣ ደረቅ ጎማ ይዛችሁ አትከራከሩ። ራዳሩ ደመናው የት እንዳለ ያሳያችኋል።

ኦንላይን ገባሁ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተፈጨሁ

እዚህ ጋ ጀማሪና አሮጌ ይጋጫሉ፣ ቃል በቃል። ጀማሪው ብቻውን ሲነዳ የለመደውን የፍሬን ቦታ ይዞ ይመጣል። ግን ከሌላ መኪና ኋላ ሲሆን ንፋሱን የፊተኛው ስለሚከፍልለት ከወትሮው ይፈጥናል። በዚያው ቦታ ፍሬን ቢይዝም የፊተኛውን ይገጨዋል። ከመኪና ኋላ ስትሆኑ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ወይም ግማሽ መኪና ያህል ወደ ጎን ወጣ በሉ።

አሮጌው ጥፋቱ ሌላ ነው። የማይገባ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና «ቦታ አልሰጠኝም» ይላል። ጌሙ ከፍጥነታችሁ ሌላ የአነዳዳችሁን ጨዋነት በኤስአር ይለካል፣ መገጫጨት ያወርደዋል። ኤስአር ሲወርድ የሚመደቡላችሁ ተጋጣሚዎችም እንደናንተው ይሆናሉ። ስለዚህ የሚገጩ ሰዎች በዙብኝ የሚል ሰው የራሱን የኤስአር ደረጃ ፊደል አንድ ጊዜ ይመልከት።

የጌሙ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ነሐስ ላይ ተጣበቅኩ

ፈቃዶቹ ከናሽናል ቢ ተነስተው ሱፐር ላይ ያበቃሉ፣ እያንዳንዱም አስር ፈተና አለው። ነሐስ ካገኛችሁ ወርቁ ያለው በአብዛኛው አንድ ቦታ ነው። የማሳያውን ቪዲዮ ክፈቱና መስመሩን ተዉት፣ የፍሬኑን ጠቋሚ ብቻ እዩ። መቼ እንደያዘ ሳይሆን መቼ እንደለቀቀ። አብዛኞቻችን በትክክል ይዘን ዘግይተን ነው የምንለቀው። ጊዜው እዚያች ጋ ተቀምጧል።